ለእይታ የተሠራ ቤት፣ መደበቅ ለምትወድ እባብ

ይህን የምጽፈው «የጀማሪ ሙሉ ጥቅል» እየተባለ የሚሸጠውን የእባብ ቤት ለመግዛት ላሰባችሁ ነው። እኔ ገዝቼዋለሁ። አምስት ወር ሆኖኛል። ከጥቅሉ ውስጥ እስከ ዛሬ የምጠቀምባቸው ዕቃዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የውሃ ሳህኑና ረጅሙ ወረንጦ። የቀረው ዕቃ ቤት ገብቷል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እባቧን ላስተዋውቃችሁ፤ ዕቃው እንደማይሆን ያሳየችኝ እሷ ናትና።

ስሟ ቀለበት ነው። ቀይ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ቀለበት ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ጫፍ ተደርድሮባታል። የሆንዱራስ የወተት እባብ ናት፤ ሚልክ ስኔክ የሚሏት። ስትመጣ ከእንቁላሏ ከወጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ርዝመቷ 28 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 9 ግራም። ቢበዛ እርሳስ ብታክል ነው።

«ወተት ትጠጣለች እንዴ?» ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። አትጠጣም። በሰሜን አሜሪካ ገበሬዎች እነዚህን እባቦች ከብት በረት ውስጥ ያገኟቸው ነበር። ላም ይጠባሉ ብለው አመኑ። እባቦቹ በረት የሚገቡት ግን አይጥ ፍለጋ ነው። በመርፌ ጥርስ የተሞላ አፍ ጡቷን ሲይዛት ዝም ብላ የምትቆም ላምም አትኖርም። ስሙ ግን እንደተጣበቀ ቀረ።

ቀለበት ፈሪ ናት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጄን ወደ ክዳኑ ባስጠጋሁ ቁጥር ጅራቷን በፍጥነት ታርገበግብ ነበር። ሳነሳት እንደ ስፕሪንግ ትፈናጠራለች። አንዴ ከጅራቷ ሥር የሚከረፋ ፈሳሽ እጄ ላይ ለቀቀችብኝ። ሁለቴ ነክሳኛለች። መርዝ የላትም፤ ጥርሷም በጣም ደቃቅ ስለሆነ ደም እንኳ አልወጣኝም። ይህ ሁሉ ክፋት እንዳይመስላችሁ። በዱር እርሳስ የምታክል እባብ የሁሉም ቀለብ ናት። ወፍ ይበላታል፣ አውሬ ይበላታል፣ ሌላ እባብም ይውጣታል። ከላይ የሚመጣ ጥላ ሁሉ ለእሷ ሞት ነው። ያ የሚያምር ቀለሟም ቢሆን ለውበት የወጣ አይደለም። መርዘኛውን ኮራል እባብ ስለምትመስል ጠላት ይፈራታል።

ስለዚህ የወተት እባብ ከሁሉ በፊት የምትፈልገው መሸሸጊያ ነው። ቀኑን ከድንጋይ ወይም ከወደቀ ግንድ ሥር ተሸጉጣ ትውላለች። የምትንቀሳቀሰው ሲመሽ ነው። አባባላችንም ይህን ያውቀዋል፤ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» እንላለን። ያለ ካብ እባብ የለም። ጥቅሉን ያዘጋጀው ሰው ግን ካቡን ረስቶታል። ያሰበው ከውጭ ቆሞ ስለሚያያት ሰው ነው።

አሁን ወደ ዕቃው።

ቤቱ 60 በ45፣ ከፍታውም 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሳጥን ነው። በአራቱም በኩል ያሳያል። እውነቱን ለመናገር ሲያዩት ደስ ይላል፤ መስታወቱ ጥርት ያለ ነው፣ ማዕዘኑም በደንብ ተያይዟል። ለትልቅ እባብ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ለቀለበት ግን ሜዳ ላይ እንደ መጣል ነበር። ሌሊት ሌሊት በመስታወቱ ጥግ ስትመላለስ ታድራለች። በአራተኛው ቀን የአፍንጫዋ ጫፍ መላላጡን አየሁ። ቀን ቀን ደግሞ ከፕላስቲኩ ቅጠል ጀርባ ማዕዘን ላይ ተጠቅልላ ትውላለች።

«መደበቂያ አብሮ ይመጣል» ይላል ካርቶኑ። የመጣው ለሁለት የተሰነጠቀ ግንድ የሚመስል ቅስት ነው። ሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው። ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር። እኔም ገብቶኝ አልነበረም፤ ለምን እንደማትገባበት ግራ ገብቶኝ ሰነበትኩ። በኋላ እንደተረዳሁት እባብ ተደብቄአለሁ የምትለው ግድግዳው ጎኗን ሲነካት፣ ጣሪያውም ጀርባዋን ሲነካት ነው። ያ ቅስት ለእሷ ድልድይ ነው። ከድልድይ ሥር ማን ይተኛል?

ሁለት ጊዜ ምግብ አቀረብኩላት። ሁለቴም አልነካችውም። ክብደቷ ወደ 8 ግራም ወረደ። 1 ግራም ትንሽ ይመስላል፤ ከ9 ላይ ሲቀነስ ግን ትንሽ አይደለም። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

ክዳኑ የሽቦ ወንፊት ነው። ለማሞቂያው ገመድ ማሳለፊያ ማዕዘኑ ላይ ክፍተት ትተውለታል። የእኔ አውራ ጣት ይገባበታል። የወተት እባብ ደግሞ ማምለጥ ትችልበታለች፤ ጭንቅላቷ ያለፈበት ቀዳዳ ለቀረው ሰውነቷ ይበቃታል። በሰባተኛው ምሽት ባትሪ ይዤ ልያት ስሄድ ጭንቅላቷ ውጭ ነበር። አስር ደቂቃ ብዘገይ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት እባብ አልነበረኝም። ለሻጩ ጻፍኩለት። «ትለምደዋለች» የሚል መልስ መጣልኝ። አዝኜበታለሁ። ክፍተት አይለመድም።

ከሁሉ የከፋው ግን ማሞቂያው ነው። እባብ ሰውነቷን የምታሞቀው ከውጭ በምታገኘው ሙቀት ነው። የበላችውን ለመፍጨትም ሙቀት ያስፈልጋታል። ስለዚህ የቤቷ አንዱ ጫፍ ሞቅ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ እሷ እንደ ፍላጎቷ እንድትመላለስ። ለወተት እባብ ሙቁ ጫፍ ከ28 እስከ 31 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 24 ገደማ ቢሆን ይስማማታል። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ከሥር የሚነጠፍ ማሞቂያ ምንጣፍ ነው። ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ የለውም። ሶኬት ላይ ሰካችሁት ማለት እስኪነቀል ድረስ ይሞቃል ማለት ነው። መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ክብ ቴርሞሜትር አብሮ ይመጣል። እሱ 27 ይላል። እኔም አምኜው ነበር። ሽጉጥ የሚመስለውን የጨረር ቴርሞሜትር ተውሼ ወለሉን ስለካው 41 ሆኖ አገኘሁት። ክቡ ቴርሞሜትር የሚለካው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለውን አየር ነው። እባቧ የምትተኛው ግን ወለሉ ላይ ነው። እባብ ትኩስ ወለል ላይ ተኝታ ሆዷ እስኪቃጠል ድረስ ልትቆይ ትችላለች። ወዲያው ነቀልኩት።

ለዚህ ጥቅል ከ5 ኮከብ 1 ሰጥቻለሁ። አንዱ ለመስታወቱ ጥራት ነው። ያለ ቴርሞስታት ማሞቂያ መሸጥን ግን በምንም ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ የገዛሁት ነገር ሁሉ ከጥቅሉ ያነሰ፣ የጠበበና የማያምር ነው። ቀለበትን ያረጋጋት ግን እሱ ነው።

አንደኛ፣ የፕላስቲክ ሳጥን። ልብስ ማስቀመጫ ተብሎ የሚሸጠው፣ በሁለት በኩል መቀርቀሪያ ያለው። 34 በ20፣ ከፍታው 12 ሳንቲ ሜትር። ፕላስቲኩ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ብርሃን ያስገባል፣ ምስል ግን አያሳልፍም። ለፈሪ እባብ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሰው ሲያልፍ ጥላ ብቻ ነው የሚታያት። የአየር ቀዳዳዎቹን በጋለ ብረት በሁለቱ አጭር ጎኖች በሳሁ። እያንዳንዳቸው 3 ሚሊ ሜትር ናቸው። ዳራቸውን በአሸዋ ወረቀት አለሰለስኩ። ስትበሱ እባቧ በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ክፍል ትሁን፤ የፕላስቲክ ጭስ ለእሷም ለእናንተም አይበጅም። መቀርቀሪያው በአምስት ወር ውስጥ አንዴም አልላላም። 5 ኮከብ።

ሁለተኛ፣ ቴርሞስታት። ሙቀቱ የፈለግነው ልክ ሲደርስ ያጠፋል፣ ሲወርድ ያበራል። እኔ የገዛሁት ዲጂታሉን ነው። ቀጭን ሽቦ አለው፤ ጫፉ ሙቀቱን ይለካል። ያንን ጫፍ በአዲሱ ትንሽ ማሞቂያ ምንጣፍና በሳጥኑ ወለል መካከል በቴፕ አጣበቅኩት። ሳጥኑ ውስጥ ብተወው እባቧ ልትገፋው፣ ውሃም ሊደፋበት ይችላል። ምንጣፉ የወለሉን ሲሶ ብቻ ነው የያዘው። ሦስት ቀን ሙሉ ባዶውን ሳጥን ጠዋትና ማታ እየለካሁ፣ የውስጡ ወለል 30 ላይ እስኪረጋ ድረስ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ አደረግኩ። አንድ ቅሬታ አለኝ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሞላሁትን ቁጥር ይረሳል። አንዴ ሳላውቅ አደረ። ቁጥሩን የሚያስታውስ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። 4 ኮከብ።

ሦስተኛ፣ ካቡ። እዚህ ላይ ብዙ ልናገር ነው፤ ምክንያቱም ቀለበትን የለወጣት ይህች ዕቃ ናት። ከጥቁር ፕላስቲክ የተሠራች፣ ድንጋይ የምትመስል ትንሽ ዋሻ ናት። ስፋቷ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታዋ 3 ተኩል። አንዲት በር ብቻ ነው ያላት፤ በሩም ጣቴን ብቻ ያስገባል። በዓይን ሲያዩዋት ለእባብ ቤት ትጠባለች ያስብላል። ልክ ናት። ቀለበት ገብታ ስትጠቀለል ግድግዳውን ትሞላዋለች።

የገዛሁት ሁለት አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ሙቁ ጫፍ ላይ፣ አንዱ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ። አንድ ብቻ ብታስቀምጡ እባቧ ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን ለመምረጥ ትገደዳለች። ፈሪዋ ደግሞ ሁልጊዜ የምትመርጠው መደበቅን ነው፤ ሆዷ ቢበርዳትም እዚያው ትቀራለች። የበላችውም በቅጡ አይፈጭላትም። ሁለት ሲሆኑ ግን ካብ ለካብ ትመላለሳለች። ጠዋት ከሙቁ፣ ከሰዓት ከቀዝቃዛው አገኛታለሁ።

እንከን አላት፤ ከውስጥ በኩል ፕላስቲኩ የተጋጠመበት ስፌት ሹል ነው። ጣቴን ሳዞር ቧጠጠኝ። በጥፍር ሞረድ ሁለቱንም አለሰለስኩ። አምራቹ ይህን ቢያስተካክል 5 ኮከብ ነበረች። ለአሁኑ 4 ይብቃት።

ወለሉ ላይ የነሰነስኩት የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ነው። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር። ከጥቅሉ የመጣው ትልልቅ የኮኮናት ቅርፊት ነበር፤ እርሳስ የምታክል እባብ ልትቆፍረው አትችልም። በፍቅፋቂው ውስጥ ግን መንገድ ሠርታለች። ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ የምታይበት ጊዜ አለ፤ በጣም ነው የምወደው። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ እንዳታመጡ። ከምን እንጨት እንደመጣ አታውቁም፤ የጥድና የሴዳር ዘይት ለእባብ ጎጂ ነው። አቧራውም አይበጃትም።

ቦታውንም ቀየርኩ። ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። መጀመሪያ የመስታወቱን ሳጥን ያስቀመጥኩት በስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ስሠራ ልያት ብዬ። እባብ የውጭ ጆሮ የላትም። ንዝረትን ግን በመንጋጋዋና በሰውነቷ ታገኘዋለች። መኪናው በተነሳ ቁጥር ለእሷ ምድር ይንቀጠቀጥ ነበር ማለት ነው። አዲሱን ሳጥን ከግድግዳ ጋር በተያያዘ መደርደሪያ ላይ፣ ከበሩም ከመስኮቱም ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከተረፈኝ ጥቁር ጨርቅ ቆርጬ ሦስቱን ጎን ሸፈንኩት። የአየር ቀዳዳው ላይ ጨርቁን ክፍት ተውኩ።

ከዚያ ተውኳት። ይህ ዕቃ አይደለም፤ ኮከብም አይሰጠውም። ግን ከሁሉ የከበደኝ ነው። ሰባት ቀን ውሃ ከመቀየር በቀር ክዳኑን አልከፈትኩም። በስምንተኛው ቀን ምሽት ገና ፀጉር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል አቀረብኩላት። ክብደቷ 2 ግራም ያህል ነው፤ ከእባቧ ወፍራም ቦታ አይበልጥም። በበረዶ የቆየችውን ግልገል በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጌ ለብ ባለ ውሃ አሟሟሁ። በወረቀት አደረቅኳት። በወረንጦ ይዤ ከዋሻዋ በር ፊት አስቀመጥኩና መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ። አላፈጠጥኩባትም። ጠዋት ቦታው ባዶ ነበር። ቀለበት ሙቁ ካብ ውስጥ ነበረች፤ መሀል ሆዷ ላይ ትንሽ እብጠት ይታያል። አልቅሻለሁ።

ቀጥሎ በየስድስት ቀኑ መገብኳት። ሦስት ጊዜ ሳታቋርጥ እስክትበላ ድረስ አላነሳኋትም። ከዚያም ማንሳት የጀመርኩት በአምስት ደቂቃ ነው። ከበላች በኋላ ለሁለት ቀን አትነካም፤ የበላችውን ልታስመልስ ትችላለች። እጄን መጀመሪያ እታጠባለሁ፤ አይጥ አይጥ ከሸተትኩ ምግብ እመስላታለሁ። በኋላም እታጠባለሁ፤ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የሚባል ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። ከላይ አላነሳትም። መዳፌን ከጎን በፍቅፋቂው ሥር አሳልፌ ከሥሯ እደግፋታለሁ። ስትሄድ አልይዛትም፤ አንዱን እጅ ከሌላው ፊት እያስቀደምኩ መንገድ እሆናታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጅራቷን ማርገብገብ ተወች። ምላሷን ቀስ አድርጋ እያወጣች ጣቴን ታሸትት ጀመር። ሲሸበሩ ምላስ ቶሎ ቶሎ ነው የሚወጣው፤ ወይም ጭራሹን አይወጣም።

ቆዳዋን ልትቀይር ስትል ዓይኗ እንደ ጭጋግ ሰማያዊ ይሆናል። በቅጡ ስለማታይ በዚያ ሰሞን ይበልጥ ትደነግጣለች። አላነሳትም። ትንሽ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ በጎኑ በስቼ፣ ውስጡን በረጠበ የወረቀት ፎጣ ሞልቼ አስገባሁላት። ይህችኛዋ ካብ ምንም አላስወጣችኝም። ቆዳዋ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሳይበጠስ በአንድ ወጣ። የጅራቷን ጫፍና የዓይኗን ሽፋን አጉልቼ አየሁት፤ ሙሉ ነው።

አንድ የሚጠየቅ ነገር አለ፤ «ብቻዋን አይከፋትም? ሌላ አምጪላት» ይሉኛል። የወተት እባብ ኪንግ ስኔክ ከሚሏቸው ከንጉሥ እባቦች ወገን ናት። እነዚህ ሌላ እባብ ይበላሉ፤ የራሳቸውን ዓይነት ጭምር። በአንድ ሳጥን ሁለት አታድርጉ።

ያ ትልቁ መስታወት ለዘላለም ከንቱ ነው አልልም። ቀለበት ስትጎለምስ ከአንድ ሜትር ታልፋለች፤ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። ያኔ ክዳኑን ቀይሬ፣ ሦስቱን ጎን ሸፍኜ፣ በካብና በቅጠል ሞልቼ ልመልሳት አስቤአለሁ። ለአሁኑ ግን ጥቅሉን አትግዙ። ሳጥን፣ ቴርሞስታት ያለው ማሞቂያና ሁለት ጠባብ ካብ ለየብቻ ግዙ።

ባለፈው እሁድ መዘንኳት፤ 26 ግራም። ርዝመቷ 41 ሳንቲ ሜትር ደርሷል። ስትጠቀለል ዋሻዋ ጠቧታል፤ አንድ እጥፏ በበሩ ይወጣል። ቀጣዩን ቁጥር ሁለት አዝዣለሁ፤ ውስጡን አስቀድሜ እሞርደዋለሁ። ሁለቱን በአንድ ቀን አልቀይርባትም። መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ነው የምቀይረው። ሙቁ፣ ሽታዋ ያለበት አሮጌው፣ አዲሱን እስክትለምድ ድረስ ለአንድ ሳምንት በቦታው ይቆያል።